ሲቲ ስካኑ ደህና ነው፣ ወንድሜ ግን ተለውጧል

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን ከሰባት ወር በፊት መኪና ገጭቶት ለሁለት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ዛሬ ይራመዳል፣ ይናገራል። ግን የነገሩትን ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ቶሎ ይደክመዋል። በቅርቡ የተነሳው ሲቲ ስካን «ደህና ነው» ተባለ። ታዲያ ሰንፎ ነው?
እህቱ፣ ከአስኮ

መልስ፦ ስንፍና አይደለም። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ አንጎል ይናወጣል፤ የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉም። ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ በሲቲ ስካን አይታይም። ኤምአርአይ የተሻለ ያሳያል፤ እሱም ቢሆን ሁሉን አያሳይም።

አንጎል የተጎዳውን መስመር ትቶ በሌሎች መስመሮች ለመሥራት ይሞክራል። በማገገም ላይ ባሉ ሰዎች አንዳንድ ግንኙነቶች ከወትሮው በርትተው መገኘታቸውን ተመራማሪዎች አይተዋል። ስለዚህ ወንድምዎን ቀድሞ በቀላሉ ይሠራው የነበረው ነገር አሁን ብዙ ጉልበት ይጠይቀዋል። ቡና እየተፈላ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሦስት ሰው ሲያወራ ቢነጫነጭ አይፍረዱበት፤ ጸጥ ወዳለ ክፍል ይውሰዱት።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፤ ቀጠሮውንና መድኃኒቱን ደብተር ላይ ይጻፍ። እንቅልፉ ይጠበቅ፤ አልኮልና ጫት ይቅር። ሐኪም ሳይፈቅድለት መኪናም ሞተር ሳይክልም አይንዳ። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጠን ቢልም ከዓመት በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ለክትትል በጥቁር አንበሳ ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም ይየው። የሚጥል በሽታ ምልክት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ ያልተለመደ መፍዘዝ ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ስለ ሞት ማውራት ከጀመረም ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው።