ፍሬን በዓይን አይለካም

የማረሻ ነገር ለገበሬ አይነገርም። አዲስ ማረሻ ከቀጥቃጭ ዘንድ ሲመጣ ረጅምና ሹል ነው። ውሎ ሲያድር አፈርና ድንጋይ እየፋቀው ያጥራል። ገበሬውም አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ፣ «አሁንስ ይሳልልኝ» ብሎ ይወስደዋል። ማረሻው ሳይታሰብ ቢያልቅ የአንድ ቀን ሥራ ይጓደላል እንጂ ነፍስ አይጠፋም። የመኪና ፍሬንም እንዲሁ እየተፋቀ ያልቃል። እርሱ ሳይታሰብ ካለቀ ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። በዚህ ትምህርት ፍሬን እንዴት እንደሚያልቅና ማለቁ እንዴት እንደሚለካ እንመለከታለን።

ነገሩ ለምን ይመለከተናል?

መሐል ሜዳ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ የሚነሳ መኪና በሞላሌ በኩል አድርጎ ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ይገናኛል። ወደ ደሴ የሚሄድ ከሆነ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በተሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ሰውና እህል የጫነውን መኪና የሚይዘው ማርሽና ፍሬን ነው።

አንድ ጊዜ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ ስንጓዝ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፊት ጎማው ያፏጭ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ብለው ሹፌሩን ጠየቁት። «አይዞዎት እማማ፣ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ሸራው ገና ነው» አላቸው። ሹፌሩ አልዋሸም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እኛም አብረነው ጋራዥ ገባን። ጎማው ሲፈታ በውጪ በኩል ያለው ሸራ 6 ሚሊሜትር ቀርቶታል። በውስጥ በኩል ያለው ግን 1 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ሹፌሩ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ በዓይኔ አይቼ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ አይቷል። አልለካም እንጂ።

ፍሬኑ እንዴት ይሠራል?

በብዙ ሚኒባሶች የፊት ጎማ ላይ ዲስክ የሚባል ክብ ብረት አለ። ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። በዲስኩ ግራና ቀኝ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉ። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ይገፋና ሸራዎቹ ዲስኩን እንደ ጉጠት ግራና ቀኝ ይይዙታል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ይህን ዓይነት ፍሬን በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ነው።

ሁለት መዳፋችንን አጥብቀን ብናፋትግ ይሞቃሉ። ሸራና ዲስክም ሲፋተጉ ይግላሉ፤ ሁለቱም ያልቃሉ። ቶሎ የሚያልቀው ሸራው ነው። ዲስኩም ቢሆን ቀስ በቀስ ይሳሳል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት መሸከም አይችልም፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።

አለካኩ

ጨርቅ በክንድ፣ መሬት በገመድ ይለካል። ፍሬን ግን የሚለካው በሚሊሜትር ነው። አንድ ሴንቲሜትር አሥር ሚሊሜትር ነው። ሦስት ሚሊሜትር ማለት የደህና ገብስ ፍሬ ውፍረት ያህል ነው።

1ኛ. መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳል። በክሪክ ተነስቶ፣ ደጋፊ ተደርጎለት፣ ጎማው ይፈታል። ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠበቃል። አቧራው በአፍ ወይም በአየር አይነፋም። በአንዳንድ አሮጌ ሸራ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ስላለ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

2ኛ. የሸራው ውፍረት ይለካል። ሸራው የተጣበቀበት ብረት አይቆጠርም። የውስጡም የውጪውም፣ የግራውም የቀኙም ለየብቻው ይለካል። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው። 3 ሚሊሜትር ሲደርስ መለወጥ ይገባዋል። ሲለወጥም የግራና የቀኙ አንድ ላይ ነው። የውስጡና የውጪው እጅግ ከተለያዩ አንድ የተያዘ ነገር አለና መካኒኩ ይፈልገው።

3ኛ. የዲስኩ ውፍረት ማይክሮሜትር በሚባል መለኪያ ይለካል። ሸራው የማይነካው የዲስኩ ጠርዝ ሳያልቅ ስለሚቀር መለኪያውን ያታልላል። ስለዚህ ከጠርዙ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተን፣ ዙሪያውን ቢያንስ በአራት ቦታ እንለካለን።

4ኛ. ከዚህ በታች መሳሳት የለበትም የሚባለው ልክ ብዙውን ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጿል። እንበል 26 ሚሊሜትር ነው። እኛ በአራት ቦታ ለክተን 26.4፣ 26.3፣ 26.4 እና 25.9 አገኘን። አማካዩ 26.25 ነው። ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው? አይደለም! የሚፈረደው በትንሹ ቁጥር ነው። 25.9 ከ26 ያንሳልና ይህ ዲስክ ይጣላል። አጥር የሚለካው በሳሳው በኩል ነው፤ ከብቱ የሚወጣው በዚያ ነዋ!

የኋላ ጎማው ብዙ ጊዜ ታምቡር ስላለው አለካኩ ሌላ ነው። ታምቡር ሲያልቅ ውስጡ እየሰፋ ይሄዳል።

መጻፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው

የተለካው ሁሉ ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ በደብተር ይጻፍ። ለምሳሌ ሸራው አዲስ ሲገባ 12 ሚሊሜትር ነበር። መኪናው 15,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ 9 ሆነ። 3 ሚሊሜትር አልቋል፤ በ5,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊሜትር ማለት ነው። 3 እስኪደርስ የቀረው 6 ስለሆነ 30,000 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ይህ ግን ግምት ነው። ቁልቁለት፣ ጭነትና አቧራ ሲበዛ ሸራው ቶሎ ያልቃልና እስከዚያው ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ተሳፋሪውስ?

ተሳፋሪ መለኪያ አይዝም፤ ጆሮና አፍ ግን አለው። ፍሬኑ ካፏጨ ወይም ብረት ለብረት እንደሚፋቅ ከጮኸ፣ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ከተንቀጠቀጠ፣ ሹፌሩ ፔዳሉን ደጋግሞ ከረገጠ ዝም አንበል። «ሸራው መቼ ተለካ? ስንት ሆነ?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ሹፌሩን መናቅ አይደለም፤ እርሱም እኮ ከእኛው ጋር ነው የሚወርደው። «ገና ነው» ቢል መልስ አይሆንም። መልሱ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ዛሬ ሁላችንም እናነባለን።

ጥያቄዎች

1. ሹፌሩ ሸራውን አይቶት ሳለ ለምን ተሳሳተ?
2. የዲስክ ጠርዝ ለምን አይለካም?
3. ልኩ 22 ሚሊሜትር የተቀረጸበት ዲስክ 22.3፣ 22.1፣ 21.8 እና 22.4 ሆኖ ተገኘ። ምን ይደረግ?
4. ሸራ በ4,000 ኪሎ ሜትር 1 ሚሊሜትር ያልቃል። አሁን 8 ሚሊሜትር ነው። 3 ሚሊሜትር እስኪደርስ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?