በማኅፀን ስላለ ሕፃንና ስለሚያሰክር መጠጥ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ትናንት ያጠናውን ፊደል ዛሬ የሚረሳ፥ መደመርና መቀነስ የሚያቅተው፥ በስፍራውም ጸጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ሳታይ አትቀርም። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ አባቱም በአለንጋ ይገርፈዋል። ነገር ግን እንዲህ ካሉት ልጆች አንዳንዶቹ ስንፍና የሌለባቸው፥ ገና ሳይወለዱ በመጠጥ የተጎዱ ናቸው።

ይህ እንዴት ይሆናል ብትል፥ ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ጠላ ወይም ጠጅ ወይም አረቄ በጠጣች ጊዜ አልኮሉ ወደ ደምዋ ይገባል፤ ከደምዋም በእንግዴ ልጅና በእትብት አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ መርዙን ፈጥኖ ሊያጠፋው አይችልም። አንጎል ደግሞ ከእርግዝና መጀመሪያ እስከ ልደት ቀን ድረስ ሲሠራ የሚቈይ ብልት ነውና፥ ጉዳት የማያገኘው ወር የለም። ስለዚህ ማስታወስ፥ ማሰብ፥ ቍጥር ማስላት፥ የሥራንም ፍጻሜ አስቀድሞ ማየት ለልጁ ጭንቅ ይሆንበታል።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ ፖል ለሟን የተባለ ሐኪም ከጠጪ ወላጆች ስለ ተወለዱ 127 ልጆች ጻፈ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ያንኑ ደዌ ገልጠው ስም ሰጡት። ምልክቱም የዓይን ማነስና የላይኛው ከንፈር መሳሳት ነው፤ ዳሩ ግን ከተጎዱት ልጆች በብዙዎቹ ፊት ላይ ምንም አይታይም።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የማኑሄ ሚስት ሶምሶንን ከመፅነስዋ በፊት ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ ታዘዘች። ትእዛዙ ስለ ልጁ ናዝራዊነት ነበረ፤ ሆኖም የእናት መጠጥ የልጅም መጠጥ እንደ ሆነ ያሳስበናል።

እንግዲህ አንቺ እኅቴ ሆይ፤ ጥቂት ጠላ ምን ያደርጋል አትበይ፤ ሐኪሞች ጉዳት የለውም ብለው የለዩት ልክ የለምና። አስቀድመሽ ጠጥተሽ እንደ ሆነም ተስፋ አትቍረጪ፤ ዛሬ ብትተዪ ለሕፃኑ ይጠቅመዋል። መጠጥ ጽኑ ልማድ ሆኖብሽ እንደ ሆነ ግን ድንገት መተው አደጋ አለበትና ለሐኪም ንገሪ።

አንተም ባል ሆይ፤ ጽዋ አታቅርብላት። አንተ በፊትዋ እየጠጣህ እርስዋን ብቻ መከልከል ከባድ ሸክም መጫን ነው።

አንተም መምህር ሆይ፤ የተጎዳ አንጎል በዱላ አይድንም። ትእዛዝህን በአጭር ቃል፥ አንድ በአንድ ስጠው፤ በእጅህ እያሳየህ ደጋግምለት፤ የየቀኑንም ሥርዐት አትለዋውጥበት። መርሳት ሌላም ብዙ ምክንያት አለውና ሐኪም ሳይመረምረው በእናቲቱ ላይ አትፍረድ። ጉዳቱ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል፤ ነገር ግን ደዌው በጊዜ የታወቀለትና ሰላም ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ብዙ ይሻለዋል።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ የቀረበለትን ጽዋ እንቢ ሊል አይችልም። ስለ እርሱ እንቢ የምንል እኛ ነን።