ርዝመት ብቻ አይበቃም፦ በአኳሪየም በተያዙ የባሕር ኮከቦችና ተሰባሪ ኮከቦች ላይ የክንድ ዳግም እድገት አለካክ

መግቢያ

የባሕር ኮከቦችና የቅርብ ዘመዶቻቸው የሆኑት ተሰባሪ ኮከቦች ያጡትን ክንድ መልሰው ማብቀል መቻላቸው ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። እነዚህ እንስሳት በአኳሪየም ሲያዙ ደግሞ ሂደቱን ከቀን ወደ ቀን መከታተል ይቻላል። በመሆኑም የዳግም እድገትን ሥነ ሕይወት ለማጥናትም ሆነ የባሕር ውኃ ለውጥ በእንስሳት ላይ የሚያስከትለውን ጫና ለመገምገም በስፋት ያገለግላሉ። በአብዛኛው የሚወሰደው ልኬት ቀላል ነው፤ ክንዱ ከተቆረጠበት ነጥብ አንሥቶ ያደገው አዲስ ክፍል በሚሊ ሜትር ይለካል፣ ባለፉት ቀናት ቁጥር ይካፈላል፣ ውጤቱም የእድገት ፍጥነት ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ልኬት እንስሳውን አይጎዳም፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ይሁንና ለብቻው ሲቆም የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት በመመርመር፣ ከርዝመት ጎን ለጎን ሊመዘገቡ የሚገባቸውን ነጥቦች ያቀርባል።

የክንዱ ይዘትና የመለያየት ሂደት

ሁለቱ እንስሳት በውጫዊ መልክ ቢቀራረቡም ክንዶቻቸው የያዙት አካል ይለያያል። በባሕር ኮከብ ክንድ ውስጥ ከአፅም፣ ከጡንቻ፣ ከነርቭና ከቱቦ እግሮች በተጨማሪ ምግብ የሚፈጭባቸውና ስንቅ የሚከማችባቸው እጢዎች እንዲሁም የመራቢያ አካላት ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ክንድ ያጣ የባሕር ኮከብ ያከማቸውን ስንቅና የመራባት አቅሙን በከፊል ያጣል። በተሰባሪ ኮከብ ግን የምግብ መፍጫውና የመራቢያ አካላቱ በአብዛኛው በመካከለኛው ክብ ገላ ውስጥ የተሰበሰቡ ናቸው። ክንዱ ተራ በተራ ከተደረደሩ የአከርካሪ መሰል አፅሞች፣ ከጡንቻ፣ ከነርቭና ከቱቦ እግሮች የተሠራ ሲሆን ዋነኛ አገልግሎቱ እንቅስቃሴና ምግብ መሰብሰብ ነው።

ክንዱ የሚለያይበት ሁኔታም እንዲሁ ይለያያል። ተሰባሪ ኮከብ በክንዱ ርዝመት በሚገኙ በርካታ መጋጠሚያዎች ላይ ራሱን ሊቆርጥ ሲችል፣ አስቴሪያስን የመሳሰሉ የባሕር ኮከቦች ግን ክንዳቸውን የሚጥሉት በአብዛኛው ከሥሩ አጠገብ ነው። በሁለቱም ዘንድ ለዚህ ድርጊት ቁልፉ በነርቭ ትእዛዝ ጥንካሬውን የሚለውጥ የኮላጅን ኅብረ ሕዋስ ነው። ይህ ኅብረ ሕዋስ በሰላሙ ጊዜ ክንዱን አጥብቆ ይይዛል፤ አደጋ ሲያጋጥም ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይላላና ክንዱ ያለ ብዙ ኃይል ይለያል። በአኳሪየም ውስጥ በሌላ እንስሳ መነከስ፣ በድንጋይ ሥር መጠመድ ወይም በዝውውር ወቅት በጥንቃቄ ጉድለት መያዝ ይህን ምላሽ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ማንኛውም ጥናት ከመጀመሩ በፊት መጣራት ያለበት ጉዳይ አለ። ክንድ መጣል ሁልጊዜ ራስን የማዳን ድርጊት አይደለም። ከ2013 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በርካታ የባሕር ኮከብ ዝርያዎችን የጨረሰው የመመንመን በሽታ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ የክንድ መውደቅ ነው። በ2025 የወጣ ጥናት በፒክኖፖዲያ ዝርያ ላይ የበሽታው መንስኤ ቪብሪዮ ፔክተኒሲዳ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አመልክቷል። ጤናማ እንስሳ ክንዱን ሲጥል መለያያው ንጹሕ ሆኖ ቁስሉ ይዘጋል። በታመመው ላይ ግን ነጫጭ ቁስሎች ይታያሉ፣ ገላው ይሟሽሻል፣ ክንዶቹም ተከታትለው ይወድቃሉ። ሁለቱን ሳይለዩ የተወሰደ ልኬት የዳግም እድገት መረጃ ሊሆን አይችልም።

ቁስል ከመዘጋት እስከ አዲስ ክንድ

በሁለቱም ቡድኖች ሂደቱ የሚጀምረው በቁስል መዘጋት ነው። የቁስሉ ዙሪያ ተኮማትሮ የገላ ፈሳሽ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ቀጥሎም የቆዳ ሕዋሳት ተሰድደው ቦታውን ይሸፍናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይለያያል። በተሰባሪ ኮከቦች በመቁረጫው ጫፍ ላይ ገና ልዩ ተግባር ያልያዙና በፍጥነት የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ክምችት፣ ብላስቴማ የሚባለው፣ በግልጽ ይታያል። በባሕር ኮከቦች ግን እንዲህ ያለ ጎልቶ የወጣ ክምችት ብዙም አይታይም፤ አዲሱ ክፍል በአመዛኙ የሚገነባው በጉቶው ውስጥ ያሉ ነባር ኅብረ ሕዋሳት እንደገና ተደራጅተው በሚሰጡት ሕዋስ ነው።

በሁለቱም ዘንድ የክንዱ የመጨረሻ ጫፍ ቀድሞ ይመሠረታል፤ በጫፉና በጉቶው መካከል ያለው ክፍል የሚሞላው በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለአለካክ ትልቅ ትርጉም አለው። በዓይን ሲታይ ሙሉ ጫፍ ያለው ትንሽ ክንድ፣ በውስጡ ጡንቻውም ሆነ አፅሙ ገና ያልተሟላ ሊሆን ይችላልና።

እድገትና ልየታ

ልየታ ማለት አዲስ የተከፋፈሉ ሕዋሳት አፅም፣ ጡንቻ ወይም ነርቭ ሆነው የየራሳቸውን ቅርጽና ተግባር መያዛቸው ነው። ሳም ዱፖንና ማይክል ቶርንዳይክ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አምፊዩራ ፊሊፎርሚስ በተባለ በጭቃ ውስጥ በሚኖር ተሰባሪ ኮከብ ላይ፣ እድገትና ልየታ የሚሻሙ ሂደቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። ከክንዱ ብዙ ክፍል የተቆረጠበት እንስሳ በርዝመት ፈጥኖ ያድጋል፣ ልየታው ግን ይዘገያል። ጥቂት የተቆረጠበት በርዝመት ቀስ ብሎ ሲያድግ ያበቀለውን ክፍል ቶሎ ለሥራ ያበቃዋል።

ይህን ለመረዳት የእንስሳውን አኗኗር ማየት ይበጃል። አምፊዩራ ገላውን በጭቃ ውስጥ ቀብሮ ክንዶቹን ወደ ውኃው በመዘርጋት ምግብ ይለቅማል። የተዘረጋው ክንድ ግን ለዓሣ የተጋለጠ ነው። ጫፉ ብቻ የተነከሰ ክንድ ርዝመቱ ስለማያንሰው፣ ያበቀላትን ጥቂት ክፍል ቶሎ ሥራ ላይ ቢያውል ይጠቅመዋል። ከሥሩ የተቆረጠ ክንድ ግን በመጀመሪያ ከጭቃው ወለል በላይ መድረስ አለበት።

ከዚህ የሚከተለው የአለካክ ችግር ግልጽ ነው። በሁለት አኳሪየሞች የተያዙ እንስሳት ቢወዳደሩና በአንደኛው የነበሩት ብዙ ክንድ የተቆረጠባቸው ቢሆኑ፣ ርዝመትን ብቻ የሚያይ ተመራማሪ የዚያ አኳሪየም ውኃ የተሻለ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ልዩነቱ የመጣው ግን ከተቆረጠው መጠን ነው።

ውኃው የሚደብቀው ዋጋ

ሃና ውድና ባልደረቦቿ በ2008 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ገጽታ ያክላል። ይኸው አምፊዩራ ፊሊፎርሚስ ለ40 ቀናት አሲዳማነቱ በተጨመረ የባሕር ውኃ ውስጥ ሲቆይ፣ የካልሲየም አፅም የመገንባት አቅሙና የሜታቦሊዝም ፍጥነቱ ጨምሯል። በአፅሙ ብቻ ቢመዘን እንስሳው ጫናውን የተቋቋመ ይመስላል። ይሁንና በክንዱ ውስጥ ያለው ጡንቻ መንምኖ ተገኝቷል፤ አፅሙ የተገነባው በጡንቻው ኪሳራ ነበር።

ግኝቱ የተገኘው ስለ ውቅያኖስ ለውጥ በተደረገ ጥናት ቢሆንም አኳሪየምንም ይመለከታል። ውኃው እየተጣራ በሚዘዋወርበት ዝግ አኳሪየም ውስጥ፣ አየር በቂ ካልሆነ ከእንስሳቱ ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ የውኃውን ፒ.ኤች. ዝቅ ያደርጋል። እንስሳቱ በበኩላቸው የገላቸውን የጨው ክምችት ከአካባቢው ውኃ ለይተው መቆጣጠር አይችሉም። በመሆኑም ጨዋማነቱ ከ35 ግራም በኪሎ ግራም አካባቢ በድንገት ሲርቅ በቀጥታ ይጎዳሉ። አፅማቸው ማግኒዚየም የበዛበት ካልሳይት ስለሆነም፣ በተፈጥሮ የባሕር ውኃ በሊትር 410 ሚሊ ግራም ገደማ የሆነው ካልሲየምና 1290 ሚሊ ግራም ገደማ የሆነው ማግኒዚየም በአኳሪየሙም መጠበቃቸው ይጠቅማል።

በሌላ በኩል ርዝመት ጨርሶ የማይናገርበት ሁኔታም አለ። አንዳንድ የሊንኪያ ዝርያዎች ከአንድ ክንድ ብቻ ሙሉ እንስሳ ማብቀል ይችላሉ። ተነጥሎ የቀረው ክንድ አዲስ ገላና አፍ እስኪያወጣ ድረስ መመገብ አይችልም፤ የሚኖረው በውስጡ ባለው ስንቅ ነው። በዚህ ወቅት የነባሩ ክንድ ርዝመት ባይጨምርም ከፍተኛ የግንባታ ሥራ እየተካሄደ ነው።

የአሠራር ሐሳቦች

ከላይ ከቀረበው በመነሣት በአኳሪየም ለሚደረጉ ጥናቶች የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቆማሉ። አንደኛ፣ ከበቀለው ርዝመት ጋር የጠፋው ርዝመትና መቁረጫው ከገላው ያለው ርቀት አብሮ ይመዝገብ፤ ንጽጽርም በተቀራራቢ ጉዳት መካከል ብቻ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ከአዲሱ ክፍል ምን ያህሉ እንደተሟላ፣ ማለትም አፅምና ቱቦ እግር ያወጣው ክፍል ከጠቅላላው ያለው ድርሻ፣ በማጉያ መነጽር ይታይ። ሦስተኛ፣ ተግባር ይፈተን፤ በጀርባው የተገለበጠ እንስሳ ራሱን ለማቃናት የሚወስድበት ጊዜ ያለ ተጨማሪ ጉዳት ሊለካ ይችላል። አራተኛ፣ የፒ.ኤች.፣ የጨዋማነት፣ የሙቀትና የምግብ መጠን መዝገብ ከልኬቱ ጋር አብሮ ይቅረብ።

ማጠቃለያ

የክንድ ዳግም እድገት የመራዘም፣ የልየታና የተግባር መመለስ ድምር ነው። እንስሳው ያለውን ውስን ስንቅ በእነዚህ መካከል ያከፋፍላል፤ በአንደኛው የታየ ብልጫም በሌላው የተከፈለ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈጥኖ የረዘመ ክንድ ለብቻው የጤና ምስክር ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ጉዳዩ የሥነ ምግባር ገጽታም አለው። ለምርምር ሲባል ክንዱ የሚቆረጥ እንስሳ ስንቁንና ጉልበቱን ይከፍላልና፣ ከእያንዳንዱ ቁርጥ ሊገኝ የሚችለውን ሙሉ መረጃ መሰብሰብ የተመራማሪው ግዴታ ነው።