ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት

በቸሃ ቋንቋ ወንዱን «ውደቅ» ለማለት «ውጠቅ» ይባላል። ለሴት ሲሆን፣ እኛ በአማርኛ «ውደቂ» ብለን በመጨረሻ የምናሰማው «ኢ» እዚያ ራሱ «ቅ» ውስጥ ይገባል፤ ምላስ ወደ ላንቃ ጠጋ ስትል «ቅ» ይለሰልሳል። ወንድና ሴት የሚለዩት በዚህች በአንዲት ድምፅ ነው። ታዲያ ይህችን ድምፅ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው በወረቀት ላይ እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በቪስባደን ከተማ ያሳተሙት የጉራጌ መዝገበ ቃላት ሦስት ጥራዝ ነው። አንደኛው ቸሃን፣ ሙኸርንና ሶዶን ጨምሮ የ12 ቋንቋዎችንና ቀበልኛዎችን ቃላት በየተራ ይዘረዝራል፤ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ማውጫ ነው፤ ሦስተኛው የቃላቱን ምንጭ ይመረምራል። አንዲት ቃል ለመከታተል ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጣትን በየገጹ መሰካት ግድ ነው (እጃችን ሁለት ብቻ መሆኑ የሚታወሰን ያን ጊዜ ነው)። የሥራው ታላቅነት አይካድም። ነገር ግን ቃሉ በላቲን ምልክት፣ ፍቺውም በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ፣ እነዚህን ያልተማረ የእምድብር ሰው የገዛ ቃሉን ከዚያ ሊያገኝ አይችልም።

የፊደሉ ችግር በከፊል ተቃሏል። የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት ቦታ ስለ ሰጠ ያ የለሰለሰ «ቅ» ዛሬ «ⷅ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በ2021ም ሌሎች 28 ተጨምረዋል። ሆኖም ፊደል ልዩነት መኖሩን ያመለክታል እንጂ ድምፁን አያሰማም።

ቃሉን ሲነኩት የሚናገር፣ ከቸሃው ወደ ሙኸሩ፣ ከዚያም ወደ ምንጩ የሚያሻግር መዝገበ ቃላት ቢዘጋጅ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጌጥ ይቆጥሩታል፤ እኔ ማስረጃ ነው እላለሁ። ደግፍ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ቸሃ የድምፅ ለውጥ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ አንባቢው ግን የተጻፈውን አምኖ ከመቀበል በቀር ሰምቶ ሊመሰክር አይችልም። ድምፁ ከጽሑፉ ጋር ቢታተም፣ የቸሃ ተወላጅ የሆነች እናት እንኳ «እኛ እንዲህ አንልም» ብላ ሊቁን ልታርም ትችላለች።

አንድ ሥጋት አለ። በፍላሽ የተሠሩ ብዙ ተናጋሪ ገጾች፣ አዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቆም አብረው ተዘጉ፤ የ1979ኙ ወረቀት ግን ዛሬም ይገለጣል። ስለዚህ የተቀዳው ድምፅ ከማሳያው ገጽ ተለይቶ፣ የተናጋሪው ፈቃድ፣ መንደሩና የተቀዳበት ቀን ተጽፎበት፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ይኖርበታል።