ስለ ቀድሞ ፍቅር፤ የካህኑና የወጣቱ ምልልስ

ወጣት፦ አባቴ፣ ጾሙን እጾማለሁ፣ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ የምፈጽመው ከወላጆቼ ቤት እንደ ወረስሁት ልማድ እንጂ እንደ ሕፃንነቴ ዘመን ከልቤ ፈልጌ አይደለም። እግዚአብሔርን አልካድሁትም፤ ግን አልናፍቀውም። ይህ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ካህን፦ ልጄ፣ ደዌው አዲስ አይደለም። ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ተግዞ ሳለ ባየው ራእይ ወደ ሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተላከው ተግሣጽ፣ በራድም ትኩስም ሳትሆን ለብ ብላ ስለ መገኘቷ ነው። ሎዶቅያ በታናሽ እስያ፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የነበረች፣ በጥቁር የበግ ጠጕርና በዓይን መድኃኒት ስሟ የተጠራ ባለጸጋ ከተማ ነበረች፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ60 ዓ.ም. የመሬት መናወጥ ባፈረሳት ጊዜ እንኳ ከሮም መንግሥት ርዳታ ሳትቀበል በገዛ ሀብቷ ታደሰች። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ከተማ፣ ወርቁም ልብሱም የዓይን መድኃኒቱም በእጇ ሳለ፣ ድኻና ዕራቁት ዕውርም እንደ ሆነች ሲነገራት እንዴት እንደ ደነገጠች አስብ። ለብ ያለ ሰው ክፋቱ መድከሙ አይደለም፤ አንዳች አልጐደለብኝም ማለቱ ነው። አንተ ግን ጐድሎብኛል ብለህ መጥተሃልና ከዚያ ወጥተሃል።

ወጣት፦ ጉድለቴን ማወቄ ግን ልቤን አላሞቀውም። ለጸሎት ስቆም ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ አሳቤ ግን በመሥሪያ ቤትና በገበያ ይዞራል። እንዲህ ከመጸለይ ዝም ማለት አይሻልም? ግብዝነት ሆኖ ይታየኛል።

ካህን፦ ግብዝ ሰው ሲያየው ይጸልያል። አንተ ግን ማንም በማያይህ ቦታ፣ ደስታም ሳይሰማህ፣ ስለ አምላክህ ብለህ ብቻ ብትቆም፣ ያ ጸሎት ከግብዝነት እጅግ የራቀ ነው። በዚያው ራእይ የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ ፍቅሯን ስለ ተወች ስትገሠጽ፣ ከወዴት እንደ ወደቀች እንድታስብ፣ ንስሐ እንድትገባና የቀድሞ ሥራዋን እንድትሠራ ታዘዘች እንጂ የቀድሞው ስሜት እስኪመለስላት ድረስ እንድትቀመጥ አልታዘዘችም። ጴጥሮስም ጌታውን ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ በመለሰም ቍጥር በጎችን የመጠበቅ ሥራ ተሰጠው። ስለዚህ ልብህ እንዲሞቅ አትጠብቅ፤ የተውኸውን ሥራ ጀምር።

ወጣት፦ የተውሁት ሥራ የትኛው ነው?

ካህን፦ ሕፃን ሳለህ ትቈርብ ነበር?

ወጣት፦ እናቴ አዝላ ታቈርበኝ ነበር። ከጐለመስሁ ወዲህ ግን ቅዳሴውን አስቀድሼ እንዲሁ እመለሳለሁ፤ ብቁ አይደለሁምና።

ካህን፦ ይህን የምትለው አንተ ብቻ አይደለህም። በአገራችን ብዙ ጊዜ ሕፃናትና አረጋውያን ሲቈርቡ፣ በመካከል ያለው ጐልማሳ፣ የቤቱ ምሰሶ፣ የሥራው ጕልበት፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ምክንያቱን ትሕትና ይሉታል፤ እውነተኛ ትሕትና የሆነለትም አለ። እኔ ግን ንስሐ ስቀበል በኖርሁበት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘሁት ትሕትናን ሳይሆን ቀጠሮን ነው። ልንተወው ያልቈረጥነው ነገር አለና፣ እርሱን በስሙ ላለመጥራት ሥጋ ወደሙን ለእርጅና እናቈየዋለን፤ ብርቱውን ዕድሜ ለራሳችን ወስደን ትራፊውን ለእግዚአብሔር እንመድባለን። ያለ ንስሐ መድፈር እንደማይገባ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጽኑ አስጠንቅቋል፤ ነገር ግን ሰው ራሱን መርምሮ እንዲቀርብ አዘዘ እንጂ መርምሮ እንዲሸሽ አላዘዘም።

ወጣት፦ ቀርቤ ደግሞ ብወድቅስ?

ካህን፦ ተነሥተህ ትመለሳለህ። ሙሴ ጸሊም ወንበዴ የነበረ ሰው ነው፤ በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ ከመነኰሰም በኋላ የቀድሞ ልማዱ ብዙ ዘመን ተዋጋው፤ በስንፍና ግን እጁን አልሰጠም፤ ቅስና ተሾመ፣ በመጨረሻም በሰማዕትነት ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። አሁን ግን የሙሴን ትተን ወደ አንተ እንመለስ። ስሙን መጥራት የፈራኸው ነገር ምንድር ነው?

ወጣት፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ርስት ተጣልተን አንነጋገርም። በዳዩ እርሱ ነው።

ካህን፦ በዳዩ እርሱ ሊሆን ይችላል። ጌታ በወንጌል መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ከወንድሙ ጋር አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዘዘው ግን ወደ መሠዊያው የመጣውን ሰው ነው፤ የመጣኸውም አንተ ነህ። የጸሎትህ መቀዝቀዝ ከየት እንደ ጀመረ ከዚህ በላይ መመርመር የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ዛሬ ሳይመሽ ወደ ወንድምህ ቤት ሂድ፤ ፍቅር እስኪሰማህ አትቈይ፤ ስለ ርስቱም አታንሣ፣ እርሱን በኋላ ሽማግሎች ያዩታል፤ ይቅርታ ብቻ ለምን። ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ለንስሐ ወደ እኔ ና፤ ቀኖናህን እሰጥሃለሁ፤ እርሱን ስትፈጽም ትቈርባለህ።