አርባ ምንጭና የጋሞ ደጋ፦ ለጎብኚ የሚሆን መመሪያ

የጋሞ ዞን ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል ሲኬድ 435 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በመኪና ሙሉ ቀን፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከተማዋ ሁለት ሰፈር ናት። ሲቀላ ታች ሜዳው ላይ ገበያውንና መናኸሪያውን ይዛለች፤ ሴቻ ደግሞ ዳገቱ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያዩ ሆቴሎችን። ከዱሮው በቀለ ሞላ ሆቴል ግቢ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ማየት ብቻውን የጉዞውን ድካም ያስረሳል። ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ይኬዳል።

ከዚያ ከፍታ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ይታያሉ። አባያ በደለል ምክንያት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሚለያቸው ጠባብ ኮረብታማ መሬት እግዜር ድልድይ ይባላል። ኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ በከተማዋ ዳር አልፎ ጫሞ ይገባል፤ ውሃው ወደ ሐይቁ በሚደርስበት አካባቢ ነው «የአዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ ያለው። ግዙፍ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ጉማሬዎች ሲያናፉ፣ ይብራዎች በረድፍ ሲንሳፈፉ በጀልባ ተጠግቶ ማየት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያስነሣ ጠዋት በማለዳ መውጣት ይበጃል። የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ሳይለብሱ ጀልባ ላይ መውጣት፣ እጅን ውሃ ውስጥ መንከር ወይም ዳር ላይ መታጠብ ፈጽሞ አይገባም።

ጀልባው፣ ደኑና ሜዳው የሚገኙት በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ነው። ለከተማዋ ስም የሆኑት ምንጮች ከገደሉ ሥር፣ ትልልቅ ሾላዎች በበዙበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ፤ ጉሬዛና ዝንጀሮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የሜዳ አህያ የሚሰማራበት የነጭ ሳር ሜዳ ግን ከእግዜር ድልድይ ማዶ ነው። መንገዱ ድንጋያማና አስቸጋሪ ስለሆነ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ግድ ይላል፤ የበልግ ዝናብ በሚበረታበት በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ጨርሶ ላያሳልፍ ይችላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በዚሁ ሜዳ በሌሊት የምትበር የአንዲት ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። ከማንኛውም የታወቀ ዝርያ ጋር ስላልገጠመ ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። አእዋፍ ወዳዶች ዛሬም ወደዚያ የሚመላለሱት ስለዚህ ነው።

ብዙ ጎብኚ አዞውን አይቶ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የጋሞ ሕዝብ ባህል በሙሉ ክብሩ የሚታየው ደጋው ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ሲወጣ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ብርድ ይለወጣል፤ ጃኬት የግድ ነው። በ37 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ጨንቻ፣ አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ነበረች። ከጨንቻ በፊት ዶርዜ ይገኛል።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ እንደ ቅርጫት የሚሠራ፣ ከፊቱ ወጣ ያለ መግቢያው የዝሆን ፊት የሚያስመስለው ረጅም ቤት ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ መካከል ላይ ምድጃ፣ በአንዱ ጎን የከብቶች ማደሪያ አለ፤ የከብቶቹ ትንፋሽ በብርዱ ሌሊት ቤቱን ያሞቃል። ምስጥ ከሥር እየበላው ሲሄድ የተበላው ክፍል ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አጠር ያለው ቤት አሮጌው ነው። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል።

በየግቢው ሴቶች ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አግብቶ በድሩ መካከል መወርወሪያውን ያመላልሳል። ነጠላ፣ ጋቢና ወፍራሙ ቡልኮ እንዲሁም በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ጥለቱ የሚታወቀው ዱንጉዛ ከዚህ ይወጣሉ። የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ገበያም መሠረቱ የእነዚህ ሸማኔዎች ልጆች ሥራ ነው። ከሸማኔው እጅ መግዛት ለገዢም ለሠሪም ይሻላል። ለዚህም ሰኞና ሐሙስ የዶርዜ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ የሚውልበትን ቀን መምረጥ ያስፈልጋል።

ምግቡም የቦታው ነው። የእንሰቱ ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ከማርና ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ይቀርባል። ቆላው የዓሣ አገር ነው፦ ጉላሽ፣ ጥብስ፣ ለብለብ። ሃሌኮ የሚሉት የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ይበላል። በአባያ ዳር ባለው መንገድ፣ በተለይ ላንቴ አካባቢ፣ ሙዝ በዘለላ ይሸጣል።

የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚባል አደባባይ ተቀምጠው ጠብ ይፈታሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሡ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊታቸው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። አገሬው ዛሬም በኩራት ያነሣዋል። ጎብኚም ዱቡሻ ላይ ስብሰባ ሲገጥመው በመካከሉ አያልፍም፤ ሰውንም ሳያስፈቅድ ፎቶ አያነሣም። በመስቀል ሰሞን፣ የ«ዮ ማስቃላ» በዓል ሲከበር የመጣ ሰው ጋሞን በደስታው ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግን አልጋ አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ቋንቋው ጋሞኛ ቢሆንም በከተሞችና በገበያ አማርኛ ይበቃል። ቆላው ወባማ ስለሆነ አጎበርና ረጅም እጅጌ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱን ሐይቆችና ደጋውን ሳይቻኮሉ ለማየት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ተጨማሪ ቀን ያለው ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን የእርከን እርሻ ማየት ይችላል።