ከሺሺንዳ እስከ ጨው ሜዳው፦ በኪራይ መኪና ለሚደረግ የመጀመሪያ የበረሃ የመስክ ጉዞ ስለ ማቀድ

መግቢያ

በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሺሺንዳ ያደገ ተመራማሪ ስለ መንገድ ያለው ግንዛቤ በዝናብና በጭቃ የተቀረጸ ነው። መኪና ጭቃ ውስጥ ቢያዝ የአካባቢው ሰው ሳይጠራ ይሰበሰባል፤ ውሃ በየሸለቆው ይወርዳል፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ዛፍ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ይቻላል። ይህ ግንዛቤ ለተገኘበት አገር ትክክለኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ያው ሰው ልማዱን ይዞ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ወደ ደናክል ዝቅተኛ ምድር ሲወርድ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኪራይ መኪና ወደ አፋር በረሃ ለመስክ ጥናት የሚወጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዕቅዳቸውን ከየት መጀመር እንዳለባቸው ማመልከት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ የኪራይ መኪና ቀድሞ በብዙ እጆች ይከናወን የነበረውን ጉዞ በአንድ ሾፌር እጅ ይጠቀልለዋል፤ ስለዚህ የጉዞ ዕቅድ ዋና ሥራ የጠፋውን ርክክብ መልሶ ማስገባት ነው። የዕቃ ዝርዝር፣ ካርታና ድንኳን ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አሞሌ የተጓዘበት መንገድ

ከካፋ ወደ ደናክል መሄድ እንግዳ ሐሳብ ቢመስልም፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ግንኙነት ጥንታዊ ነው። በአሳሌ ሐይቅ ዙሪያ ካለው ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣው የጨው አሞሌ በሰሜኑና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም እስከ ካፋ ገበያዎች ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው ከሚወጣበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ መዝግቧል። ካፋ ከዚህ የዋጋ መሰላል ሩቅ ጫፍ ላይ ነበረች።

ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው ዋጋው ሳይሆን አጓጓዡ ነው። ጨውን ከሜዳው የሚቆርጠውና የሚጠርበው የበረሃውን ሙቀት የለመደ ሰው ነው። ከዚያ በግመል ጭኖ በበራሕሌ በኩል ወደ ትግራይ ደጋ የሚያወጣው አርሆ ነው። ደጋው ላይ ደግሞ በቅሎና አህያ፣ ሌላ ነጋዴና ሌላ ገበያ ይረከቡታል። አንድ ነጋዴ ከአሳሌ ቆርጦ ቦንጋ ድረስ ራሱ ያደርሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን አገር ያህል ይሄድና ለሚቀጥለው ያስረክባል። አርሆ የት ውሃ እንዳለ፣ በየትኛው ሰዓት መነሣትና በየትኛው ሰዓት ማረፍ እንደሚገባ ያውቃል፤ የጂማን ጭቃ ማወቅ ግን አይጠበቅበትም ነበር።

የውጭ አሳሾች ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1875 በግብፅ መንግሥት አገልግሎት ሥር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ጦር ይዞ ወደ አውሳ ገባ፤ እሱም አብዛኛው ሠራዊቱም እዚያው አለቁ። ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1933 እና 1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ ሊደርስ የቻለው በአውሳው ሡልጣን በመሐመድ ያዮ ፈቃድ ነው። የሁለቱ ልዩነት የትጥቅ ብዛት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ በተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ርቀቱና መኪናው

ከሺሺንዳ በጂማ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ ለመድረስ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ይህ 1,100 ኪሎ ሜትር ገና በረሃው አይደለም፤ አስፋልት ነው። ሆኖም ሾፌሩ የሚደክመው፣ ጎማው የሚበላው፣ የኪራዩም ገንዘብ ግማሽ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መኪናውን ከየት ልከራይ?» የሚለውን ነው። እስከ ሰመራ በአውቶቡስ ወይም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዶ፣ መኪናውን ለመጨረሻው ክፍል ብቻ ከአካባቢው መከራየት ምርጫው ከአዲስ አበባው የጠበበ ቢሆንም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሾፌሩ የአገሩ ሰው ይሆናል። አሞሌውን የሚረከበው ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ መከራየት ግድ ከሆነ የሰሌዳው ዓይነት መታየት አለበት። ለኪራይ አገልግሎት የተመዘገበው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ኮድ 3 በሚል የሚታወቀው የንግድ ሰሌዳ ያለው መኪና ነው። በዘመድ በኩል በርካሽ የሚገኘው የግል መኪና በክፍያ ሲሠራ አደጋ ቢደርስበት፣ መድን ሰጪው ካሳ ላለመክፈል በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው አስገዳጅ የሦስተኛ ወገን መድን ለተጎዳ ሦስተኛ ወገን እንጂ ለመኪናው ለራሱ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። መድረሻን ደብቆ «እስከ ሰመራ ብቻ ነው» ብሎ መዋዋል የተለመደ ፈተና ነው፤ ዋጋውን ይቀንሳል፤ መኪናው አፍዴራ አጠገብ ሲሰበር ግን ባለንብረቱ እንዳይጠራ ያደርጋል።

ስለ መኪናው አካል ብዙ ስለተጻፈ ጥቂት ብቻ ልጨምር። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የጨው ሜዳው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሲወረድ የአየር ግፊት ስለሚጨምር የጎማ መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የጎማ ንፋስ ጎህ ሲቀድ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ እዚያው ቆላው ላይ እንደገና ይለካ። አሸዋ ላይ ለመሄድ ጎማ ማስተንፈስ እንደሚረዳ ብዙ ሾፌር ያውቃል፤ መልሶ የሚሞላበት ፓምፕ መያዙን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ክሪክ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣልና ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል። ተቀያሪው ጎማ ሁለት ይሁን፤ ቺንጋና የራዲያተር ቱቦም በትርፍ ይያዝ። ተማሪው ራሱ አዲስ አበባ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ጎማ ፈትቶ ይግጠም።

ነዳጅን በተመለከተ ሰመራና ሎግያ እንደ መጨረሻ መቅጃ ቢቆጠሩ ይሻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ሜትር ቢሆንና መኪናው በአሸዋና በድንጋያማ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ 60 ሊትር ያስፈልጋል፤ በግማሽ መጠባበቂያ 90 ሊትር ይሆናል። አስፋልት ላይ የተለካው ፍጆታ ለዚህ ስሌት አያገለግልም። በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ የተቋም ደብዳቤ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

የውሃው ስሌት

በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተካሄደ ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። አማካይ መሆኑ ይሰመርበት፤ ሌሊቱም ክረምቱም ተቆጥሮ ነው። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሥነ አካል ተመራማሪ የነበረው ኤድዋርድ አዶልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ በረሃ ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመውን ጥናት እስካሁን የሚተካ አልተገኘም ማለት ይቻላል። የቀን ከፍተኛው ሙቀት 49 ዲግሪ በሚደርስበት ቦታ፣ ውሃ የሌለው ሰው ጥላ ሥር ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥ የሚጠበቀው ዕድሜው ሁለት ቀን ያህል ነው፤ በሌሊት እየተጓዘ እርዳታ ቢፈልግ ደግሞ አንድ ቀን ያህል። ሌላው ግኝቱ ከልማዳችን ጋር ይጋጫል፦ ያለውን ውሃ እየቆነጠሩ መጠጣት ዕድሜ አያራዝምም። መቆጠብ ያለበት ላብ ነው። ከመኪናው አለመራቅ፣ ጥላ መሥራት፣ ልብስ አለማውለቅ፣ ሲጠማ መጠጣት።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት የሰው ቁጥር ነው። ሁለት ተማሪዎች ሲያቅዱ ለሁለት ሰው ውሃ ያስባሉ። ሾፌሩ ሦስተኛ ነው፤ የአካባቢው መሪ አራተኛ፤ ሁለት አጃቢዎች ሲጨመሩ ስድስት ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ በቀን 8 ሊትር ተይዞ፣ ለሁለት የሥራ ቀንና ለሁለት የመጠባበቂያ ቀን ሲሰላ 192 ሊትር ይመጣል፤ ይህም ወደ አሥር የሚጠጉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ማለት ነው። ውሃው ብቻ 192 ኪሎ ይመዝናል። ስድስቱ ሰዎች በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝኑ 390፣ በጀሪካን የተያዘ 60 ሊትር ናፍጣ ደግሞ 50 ኪሎ ገደማ። ጎማ፣ ምግብ፣ ድንኳንና የጥናት መሣሪያ ሳይቆጠር ከ630 ኪሎ አለፈ። አንድ መኪና ለዚህ ጉዞ እንደማይበቃ የሚያሳየው ይህ ድምር ነው። ሁለተኛ መኪና የሚያስፈልገው አንዱ ሲያዝ ሌላው እንዲጎትተው ብቻ ሳይሆን ውሃውን የሚሸከም ስለሌለም ነው። በጀቱ ለሁለት መኪና ካልበቃ የጥናቱ ቦታ ወደ አስፋልቱ ይቅረብ፤ ውሃው ግን አይቀነስ። ጀሪካኖቹም በአንድ መኪና አይከመሩ፤ ለሁለቱም ይከፈሉ።

በጨው አገር ስለ ጨው ማሰብ ቀልድ ቢመስልም፣ ብዙ ላብ ያፈሰሰ ሰው ውሃ ብቻ ቢጠጣ በቂ አይሆንም። ምግብ ላለመዝለልና ከጤና ተቋም የሚገኘውን ኦ.አር.ኤስ. ለመያዝ ዋጋው ትንሽ ነው።

«እንመለስ» የማለት ሥልጣን

ውል ሲጻፍ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በቁርጥ የሚለው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በበረሃ ግን የውሳኔ ጉዳይ ይሆናል። በቁርጥ የተዋዋለ ሾፌር ቶሎ መጨረስ ይጠቅመዋልና አቋራጭ ይፈልጋል። በቀን የሚከፍል ተማሪ ደግሞ የድጎማ ገንዘቡ ሳያልቅ ናሙናውን ለመሰብሰብ ይቸኩላል፤ በእኩለ ቀን «ትንሽ ብቻ እንግፋ» የሚለው እሱ ነው። አጃቢውና መሪው መንገዱን ከሁሉ በላይ ቢያውቁም ደመወዛቸው የሚገኘው ከሌሎቹ ስለሆነ ዝም ይላሉ። በእንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ እውቀቱ አንድ ቦታ፣ ሥልጣኑ ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ስለዚህ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፦ ሾፌሩ፣ የአካባቢው መሪ ወይም የቡድኑ ኃላፊ፣ ከሦስቱ አንዳቸው «እንመለስ» ካሉ ክርክር ሳይነሣ ይመለሳል፤ የቀኑም ክፍያ ሙሉ ይከፈላል። ይህ አንቀጽ ገንዘብ ያስወጣል። ነገር ግን መመለስን ኪሳራ ከመሆን ያወጣዋል። ከዚህ ጋር የመመለሻ ሰዓትና የመመለሻ ነጥብ ተቆርጦ ሰመራ ላይ ለሚቀር ሰው በጽሑፍ ይሰጥ፤ የስልክ መረብ ከመንገዱ ሲወጡ ስለሚጠፋና የሳተላይት ስልክ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ቡድኑ በሰዓቱ ካልደረሰ ፍለጋ የሚያስጀምረው ይህ ሰው ነው።

ጊዜውና ፈቃዱ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለካፋ ተማሪ ይህ ወቅት ከቡና ለቀማ ጋር ይጋጫል፤ ቢሆንም በሰኔ ከመሄድ ይሻላል። በሐምሌና ነሐሴ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደረቅ የነበረውን ወንዝ በድንገት ይሞላዋል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ መምጣቱ ለዝናብ አገር ሰው የማይገመት ነገር ነው። በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይተከልም።

በጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታሌ አካባቢ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። የአጃቢና የፈቃድ ጉዳይ ቢሮክራሲ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ለክልሉ፣ የክልሉ ለወረዳው፣ የወረዳው ለቀበሌው እንዲደርስ በሰመራ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይያዝ። ካርታም ቢሆን ጊዜው ያልፍበታል፦ በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ሲሻገር፣ በአፍዴራ ወረዳ የሚገኘው የግጦሽ ሣር በአመድ ተሸፍኗል። ባለፈው ዓመት በዚያ ያለፈ ሰው የሰጠው መረጃ በእንዲህ ያለ አገር የባለፈው ዓመት መረጃ ነው፤ በየወረዳው መግቢያ እንደገና ይጠየቅ።

ሲመለሱ ደግሞ የጨው ጭቃ ከመኪናው ሥር ሳይደርቅ ሎግያ ላይ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ። ጨው ባሊስትራውንና የፍሬን ቱቦውን ይበላል፤ የማጠቢያውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ካልተጻፈ ደግሞ ርክክቡ አዲስ አበባ ላይ በጭቅጭቅ ያልቃል።